ታብሌቱ «ሞተ» ከማለታችን በፊት



በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርትና ስለ ሥነ ምግባር እንጽፋለን። ዘንድሮ ግን ብዙዎቻችሁ በቢሯችን በር ላይ ቆማችሁ ስለምትጠይቁን ጉዳይ መጻፍ መረጥን። አልበራ ስላለ፣ ቻርጅ አልቀበል ስላለ፣ ወይም «ቦታ የለኝም» እያለ ስላስቸገረ ታብሌትና ስልክ ነው። እኛ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አይደለንም። የምንነግራችሁ ስተን የተማርነውንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን ያረጋገጥነውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኬንያ መንግሥት በ2016 ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ታብሌት ማከፋፈል ሲጀምር ቡቲዬም ሆነ መላው ሞያሌ ነገሩን በጉጉት ተመልክቶት ነበር። የእኛ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ታብሌቶች ግን በወላጆች መዋጮ የተገዙ 14 ብቻ ናቸው። ፍየል ሸጦ ያዋጣ ወላጅ እንዳለ እናውቃለን። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እነዚያን 14 ታብሌቶች በካርቶን አድርገን መጋዘን ቆለፍንባቸው። በኦክቶበር የአራተኛ፣ የስምንተኛና የፎርም ፎር ተማሪዎች ብቻ ስለተመለሱ ካርቶኑን የነካው አልነበረም። ሁሉም ተማሪ በጃንዋሪ 2021 ሲመለስ ስንከፍተው የበሩት 3 ብቻ ነበሩ። የቀሩት 11 ጥቁር ሆነው ቀሩ።

«እነዚህ ሞተዋል፤ ለመለዋወጫ ይሸጡ» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ቀረበ፤ እኛም ልንስማማ ምንም አልቀረንም ነበር። አንዲት መምህርት «አንድ ሳምንት ስጡኝ» ባይሉ ኖሮ የወላጆች ገንዘብ በዚያው ይቀር ነበር። ከሳምንት በኋላ የተገኘው ይህ ነው። ስድስቱ ባትሪያቸው ከልክ በላይ ባዶ ሆኖ ነበር እንጂ ጤነኞች ናቸው። አንዱ የቻርጀር መሰኪያው ተሰብሮ ነበር፤ ፉንዲ ጠገነው። ሁለቱ ሲበሩ ምልክቱ ላይ ደርሰው እየጠፉ እንደገና ይነሡ ነበር። የሁለቱ ባትሪ አብጦ ነበር። እንግዲህ ሞቱ ከተባሉት 11 በእርግጥ ያልተመለሱት እነዚህ ያበጡት 2 ብቻ ናቸው። አንዱን ደግሞ አዳንነው ብለን ከውስጡ መተካት የማይቻል ነገር አጠፋንበት፤ እሱን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕቃ አልሠራ ሲል ሦስት ጥያቄዎችን በተራ እንጠይቃለን፦ ኃይል ይደርሰዋል? ሲነሣ የሚቆመው የት ላይ ነው? ዕቃ ማስቀመጫው እንዴት ነው? ተራው መጠበቅ አለበት። ኃይል ያልደረሰውን ዕቃ «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ብሎ ማስከፈት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንደኛ፦ ኃይል ይደርሰዋል?

ከግድግዳው ጀምሩ። በእኛ ከተማ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በኬንያ በኩል ያለው ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ከኢትዮጵያ በኩል የሚገዛው ቻርጀር ደግሞ ሁለት ክብ እግር አለው። ስለዚህ በየቤታችን አዳፕተር አለ፤ አዳፕተሩ ደግሞ ሲቆይ ይላላል። ተሰክቶ ያደረ የሚመስለን ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳያገኝ ሊያነጋ ይችላል። ከድንበሩ ማዶ የሚመጡ አዳዲስ ተማሪዎቻችን ደግሞ የሶኬቱን ማብሪያ መጫን ይረሳሉ። የኬንያ መብራት 240 ቮልት፣ የኢትዮጵያው 220 ቮልት ቢሆንም ይህ ልዩነት አያስጨንቃችሁ። በቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ካለ በሁለቱም በኩል ይሠራል።

ቀጥሎ ቻርጀሩን፣ ከዚያ ኬብሉን ፈትሹ። ፍተሻው በደህና ዕቃ በመለወጥ ነው፤ የሚሠራ ቻርጀር አምጥታችሁ ሞክሩ፤ ካልሆነ የሚሠራ ኬብል ሞክሩ። አንድ በአንድ ለውጡ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከለወጣችሁ ጥፋቱ የየትኛው እንደነበር አታውቁም። በእኛ ልምድ ከሁሉ ቶሎ የሚሞተው ኬብል ነው፤ ልጆች አንገቱን ያጥፉታል። በመሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ የሞያሌ ቀይ አቧራ ከብናኝ ጋር ተጠቅጥቆ ሊገኝም ይችላል። ዕቃውን አጥፍታችሁ በደረቅ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። መርፌ ወይም ሌላ ብረት አታስገቡ።

የቻርጀሩ አቅምም ይለያያል። 6,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ የታብሌት ባትሪ 2 አምፒር በሚሰጥ ቻርጀር ከ3 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በአሮጌ ኮምፒውተር ጎን ከተሰካ ግን የሚያገኘው ግማሽ አምፒር ስለሆነ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። በዚያ ላይ ልጁ እየተጫወተበት ከሆነ የገባው ወዲያው እየወጣ መቶኛው ከፍ አይልም። ከሶላር በቀጥታ የምትሞሉም እንዲሁ ተጠንቀቁ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ይቆራረጣል። መጀመሪያ ፓወር ባንኩን በሶላር ሞልታችሁ ከዚያ ታብሌቱን ከፓወር ባንኩ መሙላት ይሻላል።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። በስልክና በታብሌት ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን የሚባለው ዓይነት ነው። በ1991 ለገበያ የቀረበና በ2019 ለፈልሳፊዎቹ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኘ ነው። አንዱ የባትሪ ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት ያህል፣ ሲያልቅ 3 ቮልት ያህል ይሆናል። ስክሪኑ «0» ሲል በውስጡ ገና ጥቂት ቀርቷል፤ ዕቃው ባትሪውን ለመጠበቅ ራሱን ያጠፋው ነው። ነገር ግን ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ያች ጥቂት ትርፍ በራስዋ ትፈሳለች። ቮልቱ ከልክ ሲወርድ በባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ መስመሩን ይዘጋል። ያን ጊዜ ቁልፉን ብትጫኑ ምንም ምልክት የለም፤ ቻርጀር ብትሰኩም ወዲያው ምንም አይታይም።

የእኛ ስድስቱ ታብሌቶች እንዲህ ሆነው ነበር። ብዙ ቀን የተራበ ሰው መጀመሪያ ቀጭን አጥሚት ይቀምሳል እንጂ ሥጋ አይቀርብለትም። የቻርጅ መቆጣጠሪያውም እንዲሁ ነው፤ ለተራበ ባትሪ በመጀመሪያ ጥቂት ጥቂት ኃይል ብቻ ይሰጠዋል። ስለዚህ በደህና ቻርጀርና በደህና ኬብል ሰክታችሁ ሳትነካኩ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተዉት። እኛ አሥር ደቂቃ ጠብቀን «ሞተ» ብለን ነበር። ከሰካናቸው መካከል አንዱ የበራው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ሲሞላ አጠገቡ ሰው ይኑር፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ወዲያው ንቀሉት። የኋላ ሽፋኑ ከተነሣ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተገፋ ደግሞ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይጫኑትም፣ አይበሱትም፣ ከቆሻሻ ጋርም አያቃጥሉትም፤ እሳት ያነሣልና። ከሚቃጠል ነገር አርቃችሁ ለባለሙያ ስጡት።

የከተማችን የኬንያ ወገን መብራት ለዓመታት ከኢትዮጵያ በኩል በሚመጣ መስመር ሲገለገል እንደኖረ ታውቃላችሁ፤ መቋረጡንም ለምደነዋል። ጉዳቱ የሚበዛው ግን ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀራችሁን ንቀሉ። ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩ።

ሁለተኛ፦ ሲነሣ የሚቆመው የት ላይ ነው?

አንድ ታብሌት ሲነሣ እንደ ትምህርት ቤት ጠዋት ነው። መጀመሪያ ዘበኛው በሩን ይከፍታል፤ ቀጥሎ ደወል ይደወላል፤ ከዚያ መምህራን ይገባሉ፤ በመጨረሻ ክፍሎቹ በተማሪ ይሞላሉ። ታብሌቱም መጀመሪያ ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም ይጀምራል፤ ያ ፕሮግራም ዋናውን ሲስተም ይጠራል፤ ሲስተሙ ደግሞ አፕሊኬሽኖቹን ይጠራል። የቆመበትን ቦታ ማስተዋል ግማሽ መፍትሔ ነው። ምንም ምልክት ከሌለ ወደ ኃይል ጥያቄ ተመለሱ። የኩባንያው ምልክት መጥቶ እየጠፋ ከተመላለሰ ችግሩ ሲስተሙ ላይ ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻ ደርሶ የሚደርቅ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንድ አፕሊኬሽን ወይም የሞላ ማስቀመጫ ነው።

የምናደርገው በዚህ ተራ ነው። የማብሪያውን ቁልፍ እስከ 30 ሴኮንድ ድረስ ተጭነን እንይዛለን፤ የደረቀ ዕቃ በዚህ ብቻ ይነሣል። ካልሆነ ሽፋኑን እናወልቃለን፤ ጠባብ ሽፋን የድምፅ ቁልፉን ተጭኖ ሊይዘውና አነሣሡን ሊያዛባው ይችላልና። ቀጥሎ ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተን እንሞክራለን፤ የተበላሸ ካርድ አነሣሡን ሊያውክ ይችላል። ባትሪው ከግማሽ በላይ መሙላቱንም እናረጋግጣለን። ብዙ ታብሌት በዚህ ላይ ይድናል።

ካልዳነ ማብሪያውንና ድምፅ መጨመሪያውን አንድ ላይ ተጭኖ በመያዝ የሚመጣ የጥገና ገጽ አለ፤ የቁልፎቹ ዓይነት ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። በዚያ ገጽ ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት መስመሮች ታገኛላችሁ፤ እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ በሉ። «ዋይፕ ካሽ» የሚለው ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ያጠፋል፤ የእናንተን ፎቶና ድምፅ አይነካም። በአዳዲስ ዕቃዎች ላይ ላይኖርም ይችላል። «ዋይፕ ዳታ፣ ፋክተሪ ሪሴት» የሚለው ግን በታብሌቱ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ሁሉ ያጠፋል።

የእኛ ስህተት እዚህ ላይ ነው። በ2019 የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት የሰፈር ሽማግሌዎችን ድምፅ ቀድተው ነበር፤ በቦረንኛ፣ በቡርጂኛና በአማርኛ። አንዱ አባት የአስፋልቱ መንገድ ሳይሠራ በፊት በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ከሞያሌ ኢሲዮሎ ለመድረስ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው የተናገሩት ነበረበት። ይህ ሁሉ በአንድ ታብሌት ውስጥ ብቻ ነበር። ያ ታብሌት ምልክቱ ላይ እየደረሰ ከሚመላለሱት ከሁለቱ አንዱ ሆነ። አንደኛውን መምህርቷ በመጀመሪያው መስመር አስነሡት። ሁለተኛውን ግን ወላጆች ስብሰባ ሊመጡ ነው ብለን ቸኮልን፤ ጠጋኙ «ሪሴት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቀን «ይሁን» አልነው። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቀንም፤ እኛም አልነገርነውም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ታብሌቱ እንደ አዲስ ተነሣ፤ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ግን አብሮት አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ በባለሙያ ለማስመለስ ሞከርን፤ አልሆነም። ምክንያቱንም ያኔ ተረዳን። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ አብዛኞቹ የአንድሮይድ ዕቃዎች ፋይሉን በሚስጥር ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ሪሴት ሲደረግ ቁልፉ ይጠፋል። ቁልፉ የጠፋበትን ሣጥን ማንም አይከፍተውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ስለ ሰዓትና ስለ ዋይፋይ

የነቁት ስድስት ታብሌቶች ዋይፋይ ያገኙ ነበር፤ ድረ ገጽ ግን አይከፍቱም። ራውተሩን ወቀስን። ኋላ ሲታይ ጥፋቱ የቀን መቁጠሪያው ነው። ባትሪ ጨርሶ ሲሞት የዕቃው ሰዓት ይጠፋና ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል፤ አንዳንዱ 1970 ይላል። አስተካክሉ ስንላቸው ተማሪዎች ደግሞ እቤታቸው እንደሚቆጥሩት 2013 ብለው ሞሉት! በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልክ ናቸው። ነገር ግን ድረ ገጾች ለደኅንነታቸው የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ታብሌቱ ዓመቱን 2013 ካሰበ ወረቀቱን «ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። 2021 ብለን ስናስተካክል ሁሉም ተከፈተ። ስለዚህ «ዋይፋይ አለ፤ ኢንተርኔት ግን እንቢ አለ» ስትሉ መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ።

ሲም ካርድ ያለው ዕቃም በድንበር ላይ የራሱ ጣጣ አለው። የሁለቱ አገር ኔትወርክ ስለሚደርሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል፤ ሂሳብም ሊቆርጥ ይችላል። በቅንብር ገጹ ውስጥ የኔትወርክ ምርጫውን ከራስ ሰር አውጥታችሁ የራሳችሁን ኩባንያ ምረጡለት።

ሦስተኛ፦ ማስቀመጫው እንዴት ነው?

«16 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልን 10 እንኳ አይሞላም፤ ተጭበረበርን» የሚሉ ወላጆች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማጭበርበር አይደለም። ሻጩ የሚቆጥረው በሺህ ሲሆን ብዙ ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ1,024 ነው፤ በዚህ ብቻ 16ቱ ወደ 14.9 ይወርዳል። ከዚያ ላይ ሲስተሙ ራሱ ጥቂት ጊጋ ይይዛል። የተረፈውን በብዛት የሚበላው ቪዲዮና በቡድን መልእክት የሚላክ ሥዕል ነው። መልእክት መቀበያው ሥዕልና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አድርጉት። ያጠፋችሁት ፎቶም ብዙ ጊዜ ለ30 ቀን ያህል በቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይቆያልና እሱንም ባዶ አድርጉት። ከማስቀመጫው ቢያንስ አንድ አሥረኛው ክፍት ይሁን። ጢም ብሎ የሞላ ዕቃ ይዘገያል፤ አዲስ ሲስተም ሲጭንም መሐል ላይ ሊቆም ይችላል።

ሚሞሪ ካርድ ስትጨምሩ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ታብሌቱ ካርዱን እንደ ተጨማሪ ማስቀመጫ ወይስ እንደ ውስጣዊ ማስቀመጫ ልያዘው ብሎ ሲጠይቅ «ውስጣዊ» ካላችሁ ካርዱ ለዚያ ዕቃ ብቻ ይቆለፋል፤ ታብሌቱ ቢሞት ካርዱን ሌላ ዕቃ አያነበውም። ለልጆች ሥራ ተጨማሪውን ምረጡ። ሁለተኛ፣ በገበያ ላይ 128 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ ካርድ አለ። ልክ ነው ብላችሁ ከማመናችሁ በፊት በፋይል ሞልታችሁት የመጨረሻዎቹ ፋይሎች መከፈታቸውን እዩ። ሦስተኛ፣ «ካርዱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ እሺ አትበሉ። አውጥታችሁ በካርድ ማንበቢያ በኮምፒውተር ሞክሩት፤ አዲስ ነገር አትጻፉበት። ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከእንዲህ ዓይነት ካርድ ብዙ ጊዜ ፎቶና ድምፅ ያወጣል።

እዚህ ላይ በ2012 በኢትዮጵያ የተደረገ አንድ ሙከራ እናንሣ። ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት ያለ መምህር ታብሌት ተሰጣቸው። ከልጆቹ አንዱ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ያገኘው በ4 ደቂቃ ውስጥ ነው ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራ። ወሬው ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋላቸው ሁለት ነገሮች ግን ነበሩ። ለታብሌቶቹ የሶላር መሙያ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ በየሳምንቱም አንድ ቴክኒሻን እየሄደ ሚሞሪ ካርዶቹን ይለውጥ ነበር። ኃይል የሚሰጥና ቅጂ የሚወስድ ከሌለ በጣም ጎበዝ ልጅ የያዘው ታብሌትም ዕድሜ የለውም።

ከእንግዲህ የምናደርገው

ለኖቬምበርና ለዲሴምበር እረፍት ስንዘጋ ታብሌቶቹን ግማሽ ያህል ሞልተን፣ አጥፍተን፣ ሙቀትና ፀሐይ በማያገኘው ቁም ሣጥን እናስቀምጣቸዋለን። ባዶም ሆነ ጢም ያለ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይጎዳል። በእረፍቱ አጋማሽ አንድ መምህር መጥተው ይከፍቷቸዋል። እያንዳንዱ ታብሌት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ደብተርም ተከፍቶለታል። ምን እንደታየበት፣ ምን እንደተደረገለትና ማን እንዳደረገው በቀን ይጻፋል። የልጆች ሥራ በየዓርብ በኮምፒውተርና በአንድ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፤ ፍላሹም ከትምህርት ቤቱ ውጪ ያድራል። «ውስጡ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ በደብተሩ ላይ ካልተመለሰ ማንም፣ እኛም ጭምር፣ «ሪሴት» ብለን አንፈቅድም።

ልጆቹ በ2021 ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አብዛኛውን እንደገና ቀድተዋል፤ ዛሬ በሦስት ቦታ ተቀምጧል። የኢሲዮሎውን መንገድ ያወሩት አባት ግን በመሐሉ አርፈዋል። የእሳቸውን ድምፅ ዳግም ማግኘት አልቻልንም። ልጃቸው ታሪኩን በራሱ አንደበት ቀድቶ ሰጥቶናል፤ እናመሰግነዋለን።

ወላጆች ሆይ፣ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ «የሞተ» ስልክ ወይም ታብሌት ካለ ከመሸጣችሁ ወይም ለሪሴት ከመስጠታችሁ በፊት በዚህ ተራ ሞክሩት። የሚሠራው ደግሞ ዛሬ ማታ ቅጂ ይወሰድለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።